ከማኒቬላ እስከ ኤሌክትሮኒክ፦ የአሮጌ መኪና እሳትና የመተማ መስመር

በመተማና በዙሪያው ባሉት የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ለአራሹ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ሲሰነጠቅ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እርሻው ድረስ መድረስ አለበት፤ የሚጠጣው ውኃ በበርሜል፣ ስንቁ በጆንያ ሊከተለው ይገባል፤ የተራገፈው ሰሊጥም ወደ መጋዘን መግባት አለበት። ይህን ሁሉ የሚሸከመው መኪና ነው። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር መኪናው አልነሳም ካለ ጉዳቱ በባለመኪናው ብቻ አያበቃም፤ ውኃ ለሚጠብቀው ሠራተኛና ሰሊጡ ለሚፈስበት አባል ይተርፋል።

ይህ ጽሑፍ ከመኪናው ክፍሎች አንዱን፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚለኩሰውን የእሳት ሥርዓት ታሪክ ይዳስሳል። ክፍሉ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና ከማኒቬላ ዘመን ተነስቶ እስከ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ሲደርስ በኢትዮጵያ ጋራዦች ውስጥ ብዙ ጊዜ የተሻሻለው ከቆመ መኪና ላይ ተፈቶ በተወሰደ ያገለገለ ዕቃ ነው። ይህ ዕውቀት በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ብቻ ስለኖረ ባለሙያው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉዳዩ ትኩረት የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

መተማ የመንገድ ከተማ

መተማ ከመኪና በፊትም የመንገድ ከተማ ነበረች። ከጎንደር የሚወርደው ቡናና ሰም፣ ከሱዳን የሚመጣው ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ በአህያ፣ በበቅሎና በግመል ተጭኖ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቆሰሉት በዚሁ ቦታ ሲሆን፣ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላ ስማቸውን ይዛ ቀርታለች።

ወደ ኢትዮጵያ የገባችው የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣት እንደሆነች ይታወቃል። በብዛት የጭነት መኪና ወደ ጎንደር አካባቢ የደረሰው ግን ከጣልያን ወረራ ጋር ነው። በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው በመኪና የተጓጓዘ ጦር በብዙ መቶ የጭነት መኪኖች ተጭኖ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ድንበሩ የሚወስደው መስመር የሞተር ድምፅ የሚሰማበት ሆነ።

መለዋወጫ ያጣ ጦር

መለዋወጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መተማ ቀድማ ያየችው በጦርነት ነው። ጣልያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በታንክ ታግዞ አጠቃና የገላባትን ምሽግ አስለቀቀ። ቀጥሎ የታሰበው መተማን መያዝ ነበር። ነገር ግን ታንኮቹ አንዳንዶቹ በፈንጂ፣ አንዳንዶቹ በድንጋይና በብልሽት ቆሙ። ለጥገናቸው የሚያስፈልገውን መለዋወጫ የጫነው መኪና ደግሞ በጣልያን አውሮፕላኖች ቦምብ ተመታ። በአየር ድብደባው ላይ ይህ ሲጨመር ብርጌዱ መተማን ሳይዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ጦርነቱ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ብዙ ተሽከርካሪ ትቶ አለፈ። የጣልያን ሥሪት የሆነው ፊያት 634፣ በሕዝቡ አጠራር ትሬንታ ኳትሮ፣ እንዲሁም የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ የቤንዚን መኪኖች በሲቪሉ እጅ ገቡ። ለእነዚህ አዲስ ዕቃ የሚልክ ፋብሪካ በቅርብ አልነበረም። ሁለት የቆሙ መኪኖች ተፈትተው አንድ የሚሄድ መኪና የሚወጣበት የጋራዥ ልማድ ሥር የሰደደው በዚህ ዘመን ነው።

የዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ምን እንደነበረ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ጣልያኑ ከሄደ በኋላም መካኒኩ ቃሉን ከነሙያው ለረዳቱ፣ ረዳቱም ለተተኪው አወረሰ።

ከድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ታሪክ ነበር። በገዳሪፍ አካባቢ በ1937 ዓ.ም. ገደማ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ከእርሻው ጋር ትራክተሩ፣ ከትራክተሩ ጋር ቤድፎርድና ኦስቲን የመሳሰሉት ሎሪዎች፣ ከሎሪዎቹም ጋር ጋራዡ ተስፋፋ። ለመተማ ሰው ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቅ አዲስ አበባ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ማዶ ናት። ስለዚህ መኪናው ሲቆም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያየው በቅርብ ያለውን የቆመ መኪና ነው።

እሳቱ እንዴት ይፈጠራል?

የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ቤንዚንና በትክክለኛው ቅጽበት የሚመጣ እሳት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሳቱ የሚገኘው ማኛቶ ከሚባለው በራሱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ መሣሪያ ነበር፤ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማኛቶ በ1902 እ.ኤ.አ. አወጣ። ሾፌሩም ሞተሩን በማኒቬላ በክንዱ እያዞረ ያስነሳ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ በባትሪና በቦቢና የሚሠራውን ሥርዓት ሠራ፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእርሱ ሞተሪኖ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ ማኒቬላን ማስቀረት ጀመረ። ይህ በባትሪ የሚሠራ የእሳት ሥርዓት ሳይለወጥ ከ60 ዓመት በላይ ዓለምን አገልግሏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት በቦቢናው ወፍራም ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፕላቲና የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች አሉ። ከንፈሮቹ ሲገጥሙ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ የሚዞረው ዘንግ ሲከፍታቸው ይቋረጣል። በዚያ ድንገተኛ መቋረጥ በቦቢናው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ውስጥ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈጠራል። ይህ ኃይል በተራ ወደየካንዴላው ሄዶ እሳት ይሰጣል። ኮንደንሰሩ ደግሞ ከንፈሮቹ ሲከፈቱ በመካከላቸው የሚዘለውን ብልጭታ እየዋጠ ከመቃጠል ያድናቸዋል።

ችግሩ ያለው ከሥራው ብዛት ነው። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ፕላቲናው በደቂቃ 6,000 ጊዜ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፈታል። ሞተሩ በዚህ ፍጥነት 6 ሰዓት ቢሠራ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላው ክፍተት መጠኑን መጠበቅ አለበት። ከንፈሮቹ እየተቃጠሉ ሲጎደጉዱ እሳቱ ይደክማል፤ ዘንጉ የሚነካው ክፍል እየተበላ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብና እሳቱ ከሰዓቱ ይዘገያል።

በቆላው ሁኔታ ይህ ይብሳል። በበጋ ወራት በመተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ኮንደንሰርና ቦቢና ይደክማሉ። የዋልካው አቧራ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ይገባል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ እርጥበቱ እሳቱን ያፈሰዋል። በዚህ ላይ የጎንደር ዳገት አለ፤ መኪናው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ከማይደርስ ቆላ ተነስቶ ጭኖ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እሳቱ የዘገየ መኪና በሜዳ ቢሄድም በጭልጋ ዳገት ላይ ይፈላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ በመጨረሻም ይቆማል። በዚህ ምክንያት የዱሮ ሾፌር በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ፕላቲና፣ ትርፍ ኮንደንሰርና ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ሳይዝ አይወጣም ነበር።

ትራንዚስተር ሲመጣ

የፕላቲናን ችግር የፈታው ትራንዚስተር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከባዱን የቦቢና ኤሌክትሪክ ትራንዚስተሩ ይቁረጥ፤ ፕላቲናው ትእዛዝ ብቻ ይስጥ። ትእዛዝ የሚሰጥ ፕላቲና የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ አነስተኛ ስለሆነ አይቃጠልም። ቀጥሎ በመጣው ደረጃ ፕላቲናው ጨርሶ ቀርቶ ማግኔትና ትንሽ ጥቅል ሽቦ፣ ወይም ሆል የሚባለው መርማሪ፣ ትእዛዝ ሰጪ ሆነ። ክራይስለር በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1975 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ በሚያወጧቸው መኪኖች ላይ ሁሉ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አደረጉ። የጃፓን ፋብሪካዎችም ተከተሏቸው።

ወደ ኢትዮጵያ የትራንዚስተር ማቀጣጠያን በብዛት ካመጡት መካከል የሶቪየት ወታደራዊ መኪኖች ይገኙበታል። ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በብዛት የገቡት የዚልና የኡራል መኪኖች ናፍታ የሚጠጡ ቢመስሉም ብዙዎቹ የቤንዚን ነበሩ። ኡራል 375 ባለ 8 ሲሊንደር የሆነ 7 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው ሲሆን በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ዚል 130 ደግሞ ፕላቲናውን ሳያስቀር በትራንዚስተር የሚያግዝ፣ ከላይ የተገለጸውን የመጀመሪያውን ደረጃ የሚመስል ሥርዓት ነበረው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች በየቦታው ቆመው ቀሩ። በአዲስ አበባ ታክሲነት የሚታወቀው የላዳ ፋብሪካም በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲስ ሞዴል በሆል መርማሪ የሚሠራ ማቀጣጠያ ይዞ መጣ፤ በሶቪየት ኅብረት የነበሩ ባለመኪኖችም ያንኑ ዓይነት ሥርዓት ወደ አሮጌዎቹ ላዳዎች ማዛወር ልማድ አደረጉት።

ሙያው በትምህርት ቤትም ይሰጥ ነበር። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ፣ እንዲሁም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለአካባቢው የቴክኒክ ባለሙያዎችን አፍርተዋል። ብዙው መካኒክ ግን የተማረው ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው።

ከቆመ መኪና የተወሰደ እሳት

በላንድሮቨር፣ በቶዮታ ላንድክሩዘር ወይም በሌላ የቤንዚን መኪና ላይ ፕላቲናን በኤሌክትሮኒክ መተካት አዲስ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት የግድ አይለውም። ከተገለበጠ ወይም ሞተሩ ከሞተ መኪና ላይ የተፈታ፣ ወይም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ይበቃል። ነገር ግን ልምድ ያስተማራቸው ደንቦች አሉ።

አንደኛ፣ ዕቃው በስብስብ ይወሰዳል። ዲስትሪቢዩተሩ፣ ትራንዚስተር ያለበት ሳጥን፣ ቦቢናውና በመካከላቸው ያለው ሽቦ ከአንድ መኪና ቢሆን ይመረጣል። የተራ 12 ቮልት ቦቢና ወፍራም ጥቅል ሽቦ በቴስተር ሲለካ 3 ኦም ገደማ ነው፤ ከተጨማሪ ተከላካይ ጋር እንዲሠራ የተሠራው ደግሞ ወደ 1.5 ኦም ይወርዳል። ለትራንዚስተር ተብሎ የተሠራው ከዚያም ያንስ ይሆናል። እነዚህን ማደባለቅ ወይ ሳጥኑን ያቃጥላል ወይ ደካማ እሳት ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ከሞተሩ ጋር መስማማት አለበት። የግርጌው ጥርስ፣ የዘንጉ ርዝመት፣ የሚዞርበት አቅጣጫና የሲሊንደሮቹ ብዛት አንድ መሆን አለባቸው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ የአንድ ሞተር ቤተሰብ አሮጌና አዲስ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ ያም ሆኖ ተለክቶ እንጂ ተገምቶ አይገጠምም።

ሦስተኛ፣ የባትሪው አቅጣጫ ይረጋገጣል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊት የተሠሩ አንዳንድ የእንግሊዝ መኪኖች ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነው። ፕላቲና ይህ አይገደውም። ትራንዚስተር ግን አቅጣጫው ተገልብጦ ከተያያዘ ወዲያው ይቃጠላል።

አራተኛ፣ ሳጥኑ ከሙቀት ይጠበቃል። ለቆላው ዋናው ደንብ ይህ ነው። ትራንዚስተር ሙቀቱን የሚያስወግደው በተጣበቀበት ብረት በኩል ስለሆነ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ በጸዳ ብረት ላይ ጠብቆ መታሰር አለበት። ወደ ሻሲ የሚሄደው ሽቦም ዝገቱ ተፍቆ መያያዝ ይኖርበታል። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ብዙ ጊዜ ሕመሙ እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ሰዓቱ እንደገና ይስተካከላል። በፕላቲና ዘመን አንድ የ12 ቮልት አምፖል ለዚህ ይበቃ ነበር፤ ከንፈሩ ሲከፈት አምፖሉ ይነግራል። በማግኔት የሚሠራው ግን ሞተሩ ካልዞረ ትእዛዝ ስለማይሰጥ በብልጭታ መብራት ማየትን ይጠይቃል።

ስድስተኛ፣ አሮጌው ዲስትሪቢዩተር አይጣልም። ፕላቲና ቀስ እያለ ስለሚደክም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ መንገድ ዳርም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቤት ያደርሳል። ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ግን ሳያስጠነቅቅ ሊሞት ይችላል፣ በመንገድም አይጠገንም። አስተዋይ መካኒክ የቀድሞውን ዲስትሪቢዩተር ከነፕላቲናው፣ ከነኮንደንሰሩና ከነቦቢናው አጽድቶ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከወንበር ሥር ያኖረዋል።

ደንቡ ተጠብቆ የተሠራ መኪና ጥቅሙ በጠዋት ይታያል። ባትሪው ቢደክምም እሳቱ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ይነሳል፤ ክፍተት ማስተካከል ይቀራል፤ በዳገት ላይ ጉልበቱን ይጠብቃል፤ የሚባክነውም ቤንዚን ይቀንሳል። ደንቡ ሳይጠበቅ የተሠራው ግን ከአሮጌው የባሰ ነው፤ ከከተማ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ሰሊጥ እንደጫነ የሚቆመው እርሱ ነው።

የናፍታ ዘመን

ዛሬ የመተማን ሰሊጥ የሚያመላልሰው በአብዛኛው የናፍታ መኪና ነው። ናፍታ ሞተር አየሩን አፍኖ በማጋል ነዳጁን ስለሚለኩስ ካንዴላም ቦቢናም የለውም። ኤንትሬ የሚባለው ፊያት 682፣ በኋላም ኢሱዙ ይህን መስመር የወረሱት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንዲያም ሆኖ የእሳት ዕውቀት ጊዜው አላለፈበትም። አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘርና ፒክአፕ ገና አሉ። የባጃጁ፣ የሞተር ሳይክሉና የቤንዚን ውኃ ፓምፑ ማቀጣጠያም የዚሁ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ዘመድ ነው።

ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየትም ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሳው ጦርነት ደግሞ መተማን የስደተኞች መግቢያ ሲያደርጋት ከማዶ በኩል ዕቃ ይመጣል የሚለውን መተማመኛ አናግቷል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተርፈው

በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተደራጁ ወዲህ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች ብዙ ትኩረት የሰጡት ለግብዓት አቅርቦት፣ ለብድርና ለምርት ግብይት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። የመኪና ጥገና ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ሲቆም ብቻ የሚታሰብ ወጪ ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ ታሪክ ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ይወሰዳሉ።

የመጀመሪያው የመለዋወጫ መደርደሪያ ነው። አንድ ተሽከርካሪ ከአገልግሎት ሲወጣ እንዲሁ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ከመሸጡ በፊት የሚጠቅመው ሁሉ በደንቡ መሠረት በኮሚቴ ተፈትቶ፣ ተፈትሾ፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣና መቼ እንደተለካ ተጽፎበት በንብረት ክፍል ገቢ መሆን ይችላል። ሁለተኛው የመኪና መዝገብ ነው። ምን ዕቃ መቼ እንደተቀየረ፣ ሽቦው እንዴት እንደተያያዘ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ደብተር ከመኪናው ጋር ቢኖር መካኒክ ቢለወጥም ዕውቀቱ ከዩኒየኑ አይወጣም። ሦስተኛው ሥልጠና ነው። የአባላት ልጆች ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሲመረቁ ከነባር መካኒኮች ጋር በክረምት፣ መኪናው ከዋልካው ተመልሶ በሚቆምበት ወር፣ አብረው የሚሠሩበት መንገድ ሊመቻች ይችላል።

ሦስቱም ከፍተኛ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት አዝመራው ከመድረሱ በፊት መሥራትን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና አንድ ባለመኪና ብቻውን የማይችለውን የመለዋወጫና የሙያ ጉዳይ ማኅበር በጋራ ይችለዋል። ዝግጅቱ በክረምት ካለቀ፣ ሰሊጡ ሲደርስ ውኃውና ሠራተኛው በሰዓቱ እርሻው ላይ ይደርሳሉ።